የወይዘሮ ኣረጋሽ የቀብር ማስታወቂያ

በራኺ የማተሚያ ቤቱን በር ገፋ። አልተከፈተም። እንደገና ገፋው፤ ቀጥሎም በጉልበቱ ሞከረው። የምሳ ሰዓት አብቅቷል። ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ ሱቁን ከፍቶ የስፌት መኪናውን እያንኳኳ ነው። አብረውት የሚሠሩት ሽማግሌ ኣቦይ ኣስመሮም ደግሞ እንኳን ሊቀሩ አርፍደው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ዛሬ ምን ነካቸው?» እያለ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ።

የሐዘን ማስታወቂያ ነበር። በአስመራ ይህ ብርቅ አይደለም። ሰው ሲሞት ስሙ፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓቱ ታትሞ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ መንገደኛውም ቆም ብሎ ሳያነብ አያልፍም። በራኺ ራሱ እንጀራ የሚበላው እነዚህን ወረቀቶች እያዘጋጀ ነው። ይኼኛውን ሲያነብ ግን ቁልፍ ፍለጋውን ተወ። ሙጫው ገና አልደረቀም።

«ወይዘሮ ኣረጋሽ ከረጅም ሕመም በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ነገ ረፋዱ ላይ ይፈጸማል። አማቻቸው በራኺ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።»

ወይዘሮ ኣረጋሽ የሚስቱ የአልማዝ እናት ናቸው። አልሞቱም። ረጅም ሕመም ቀርቶ አጭር ጉንፋን እንኳ ደፍሯቸው አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጣ «አንተ ልጅ፣ ጫማህን ሳትወለውል ነው ሰው ፊት የምትቀርበው?» ብለውታል። ማስታወቂያውን የጻፈው ግን ሌላ ማንም አይደለም፤ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጻነት በመጣ በአራተኛው ዓመት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አንድ ኮምፒዩተር ገዛ። እስከዚያ ድረስ ፊደል የሚለቀመው በእጅ፣ አንድ በአንድ ነበር፤ ኣቦይ ኣስመሮም ያረጁትም በዚሁ ሥራ ነው። በራኺ በዕድሜ ስለሚያንስ ለሥልጠና ተላከ። ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲያ የሚችለው ሰው ጠፋ። በባር፣ በአውቶቡስ፣ በለቅሶ ቤት ወሬው ሁሉ ኮምፒዩተር ሆነ። የማያውቀውን ሲጠይቁት «እሱ ረጅም ነው» ይላል እንጂ አላውቅም አይልም። ቫይረስ ምን እንደሆነ ለጠየቁት፣ «ጉንፋን በሉት፤ ማሽን ከማሽን ይጋባል» ብሏል። ይህ እንኳ ደህና ነው። ኣቦይ ኣስመሮም ቀለም በነካ እጃቸው ወደ ማሽኑ እንዳይጠጉ ሲፈልግ ግን፣ «በዚህ እጅዎ ከነኩት ቫይረስ ይገባዋል፤ ከገባው ደግሞ ማንም ያልጻፈውን ይጽፋል» አላቸው። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ በማሽኑ አጠገብ የሚያልፉት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው።

ማሽኑን ልትተክል የመጣችው ባለሙያ፣ ፍዮሪ የምትባል ወጣት፣ መክራው ነበር።

«ከወንበርህ ስትነሳ ዝጋው። የምስጢር ቃልም አድርግበት፤ ካንተ በቀር ማንም እንዳይከፍተው።»

«ፍዮሪ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይኼ እኮ አስመራ ነው። ብስክሌቴን ሳልቆልፍ አቁሜ ነው ካፑቺኖ የምጠጣው። ከማን ልደብቅ?»

«ለሌባ ብቻ አይደለም። በደግ ልቡም የሚያበላሽ ሰው አለ።»

«የምስጢር ቃል ነውር ላለበት ሰው ነው የሚያስፈልገው» አላት በራኺ። አነጋገሩ ራሱን በጣም ስላስደሰተው ባር ውስጥ ሲደጋግመው ከረመ።

ወይዘሮ ኣረጋሽ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ነው የኖሩት። ከነጻነት በኋላ ዓኽርያ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ እሳቸው ከገቡ ወዲህም ቤቱ ውስጥ አማርኛ በዛ። ክፉ ሴት አይደሉም። ምላሳቸው ብቻ ነው ማረፊያ የሌለው። ባለፈው ሳምንት በራኺ እራት ላይ ለእንግዳ ስለ ኮምፒዩተሩ ሲያስረዳ ጸጥ ብለው አዳመጡትና፦

«ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ራሱ የሚጽፍ፣ ራሱ የሚያርም፣ ራሱ የሚያትም ከሆነ፣ አንተን ምን ሊያደርጉህ ነው የሚያስቀምጡህ?» አሉት።

እንግዳው ሳቀ። አልማዝም ሳቀች። በራኺ አብሯቸው ሳቀ እንጂ ነገሩ አንጀቱ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ሥራ ቦታ አዲስ የፊደል ዓይነት መሞከር ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን ሀ ሁ ሂ ብሎ ይሞክራል። እሱ የአማቱን ስም ጻፈ፤ ስሙን ከጻፈ በኋላ ደግሞ እጁ እንደ ለመደው የሐዘን ማስታወቂያ አደረገው። «ከረጅም ሕመም በኋላ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። ማጥፋት ይችል ነበር፤ ስም ሰጥቶ አስቀመጠው። ዛሬ የጫማው ነገር ሲያበሳጨው አረፈደና ለምሳ ሊወጣ ሲል ከፍቶ እንደገና አነበበው። ቀለል አለው። ከዚያም እንደተከፈተ ትቶት፣ ስለ ቫይረስ ሊያስረዳ ወደ ባር ሄደ።

ልብስ ሰፊው አይቶት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ።

«በራኺ ሓወይ፣ እግዚኣብሔር ያጽናህ።»

«ማን… ማን ለጠፈው ይኼን?»

«ኣቦይ ኣስመሮም ናቸዋ። ምሳ በልተው ሲመለሱ ማሽኑ ላይ አነበቡት። ‹ልጁ ጽፎ ሳያትመው እንባ አሸንፎት ሄዷል፤ በዚህ ቀን ካልደረስኩለት መቼ ልደርስለት ነው!› ብለው እጃቸውን በሳሙና ታጥበው አተሙት። ያቺን የማተሚያ ሥዕል መንካት ብቻ ነው ስትል ሰምተውሃል አሉ። እኔም አንዱን አሁን ለጠፍኩላቸው። እሳቸው የቀረውን ይዘው ወደ ሰፈራችሁ ከሄዱ ቆይተዋል፤ በመንገዴም አልማዝን ከሥራዋ እጠራታለሁ ብለዋል።»

በራኺ አልሞቱም ሊል አፉን ከፈተ። አልሞቱም ካለ፣ ታዲያ ማን ጻፈው ይባላል።

«የቐንየለይ» ብሎ አመሰገነና ወደ ፌርማታው ሮጠ።

የፌርማታው ግድግዳ ላይም ተለጥፏል። ግራ ቀኝ አይቶ የወረቀቱን ጫፍ በጥፍሩ ሲያነሳ፣ አንዲት ቅርጫት የያዘች ሴት ክንዱን ያዘችው።

«ዋእ! አንተ ሰው፣ የሙት ስም ይቀደዳል?»

«ዘመዴ ናት» አለ በራኺ፤ ሌላ የሚለው አላገኘም።

«ዘመድህ ከሆነች እንዲያውም!» ሴትየዋ ወረቀቱን በመዳፏ መልሳ አጣበቀችው፤ ከዚያም ፊቱን አይታ አዘነችለትና «አይዞህ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለችው።

አውቶቡሱ ውስጥ የዓኽርያ ሰዎች ነበሩ። ወሬው ቀድሞት ተሳፍሯል። አንድ ዕድሜው የጠና ሰው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት። በራኺ አልቀመጥም ቢል ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። «አማት እናት ናት» አለው። ከኋላ አንዲት ሴት «ምን ዓይነት አማች ነው! ከስሟ በታች የራሱን ስም ጽፎላታል» ስትል ሰማ። በራኺ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ጆሮው እስኪግል አፈረ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሰፈሩ ሲደርስ በራፉ ላይ የሐዘን ድንኳን፣ ተንዳ፣ ተተክሏል። ወንዶች አግዳሚ ወንበር እያወጡ ነው፤ ሴቶች ጥቁር ሻሽ አስረው ገብተዋል። ኣቦይ ኣስመሮም ኮታቸውን አውልቀው ገመድ ይወጥራሉ። ሲያዩት ገመዱን ጣሉና አቀፉት።

«ፎቶግራፏን ፈልጌ አጣሁት በራኺ ወደይ፣ ልጄ፤ ማስታወቂያው ያለ ፎቶግራፍ ወጣ። ይቅር በለኝ» አሉት፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

አልማዝ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ከሥራዋ የመጣችው በባዶ እግሯ ነው፤ ጫማዋን የት እንደጣለችው እሷም አታውቅም። ኮቱን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው።

«እናቴን የት አደረግሃት? በራኺ፣ የት ነው ያለችው? ሐኪም ቤት ነው? ለእኔ ሳትነግር ለግድግዳ ትነግራለህ?»

«አልማዝ፣ ስሚኝ። አልሞቱም።»

«ምን?»

«አልሞቱም እኮ። ጠዋት ቃሓውታ ሰፈር ያሉት ወዳጃቸው ጋ እሄዳለሁ አላሉም? እዚያው ናቸው።»

አልማዝ ኮቱን አልለቀቀችም። አብዷል ብላ ነው መሰል ፊቱን ትመረምረው ጀመር። በዚህ መካከል ወይዘሮ ኣረጋሽ ራሳቸው ከመንገዱ ማጠፊያ ብቅ አሉ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከወዳጃቸው የተሰጣቸውን በለስ በዘንቢል ይዘው ይመጣሉ። የተንዳውን ጫፍ አዩ። ቆሙ። ከማን በራፍ ላይ እንደተተከለ ሲለዩ ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄን!» ብለው ጮኹ። «አልማዝን! ልጄን!»

ሊሮጡ ሞከሩ፤ ነጠላው ጠለፋቸውና ድንጋዩ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ወድቀውም ደረታቸውን እየመቱ የልጃቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ከለቀስተኛው ግማሹ አማተበ፤ አንዲት ሴት ወደ ጓሮ ሸሸች። አልማዝ ሕዝቡን ጥሳ ወጥታ እናቷ ላይ ወደቀች።

«አለሁ እማዬ! አለሁ! አንቺ ነሽ የሞትሽው!»

እናትና ልጅ መሬት ላይ ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ በራኺ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። አማቱ በሳቅ ያሸነፉትን ያህል በወረቀት ሊያሸንፋቸው ነበር የፈለገው። ልጃቸው ሞታለች ብለው እንዲህ ይወድቃሉ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ከጉልበታቸው ደም ሲወርድ አየና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ ተመኘ።

ነገሩ ጋብ ሲል ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አልማዝ ወረቀቱን ዘርግታ ያዘች።

«ይኼ ምንድነው?»

በራኺ ወረቀቱን አይቶት እንደማያውቅ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ቫይረስ ነው» አለ።

«ምን?»

«ቫይረስ። ማሽኑ ውስጥ ገብቷል። ስም ከዚህ፣ ቃል ከዚያ እየለቀመ ራሱ ይጽፋል። ስሜ እዚያው ነበር፤ የእማማም ስም… እሱ ረጅም ነው።»

አልማዝ ቅንድቧን ሰበሰበች። ሰዉ ግን አመነ። በራኺ ስንት ወር ሙሉ ሲያስተምራቸው ከርሞ የለ? «ያ በሽታ ነዋ!» «ሲነግረን አልነበር!» ተባባሉ። ወይዘሮ ኣረጋሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው በጨርቅ እየታሰረ ነበር። አማቻቸውን ከታች እስከ ላይ አዩትና ፊታቸው ለዘብ አለ።

«እንግዲህ ዕቃው ቢታመምበት እሱ ምን ያድርግ?» አሉ። «ተዉት። እንዴት እንደገረጣ አታዩም? አይዞህ ልጄ።»

በራኺ አንገቱን ደፋ። ከመጡ ጀምሮ አይዞህ ሲሉት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ኣቦይ ኣስመሮም ግን አመድ መስለዋል። ቀስ ብለው መጥተው ወይዘሮ ኣረጋሽ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሰዎች ያዟቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያስገባሁበት። ‹በዚህ እጅዎ እንዳይነኩት› ብሎኝ ነበር። ትናንት ማሽኑ ላይ የነበረውን አቧራ አበስኩለት። ይሄው ያንን ጊዜ ነው የገባው። ሓፍተይ ኣረጋሽ፣ ስለ ማርያም ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፤ ይነሱ። ሰው በሕይወቱ ለቀስተኛውን አይቶ መቁጠር መታደል ነው» አሉ ወይዘሮ ኣረጋሽ፤ ምላሳቸው ተመልሶላቸዋል። «ደግሞ ተንዳውን አታፍርሱት። ሻሂው ፈልቷል፣ ሕምባሻውም ተቆርሷል። ሳትቀምሱ ማን ይሄዳል?»

ሰዉ ሳቀ፤ ተቀመጠም። የሐዘኑ ቤት ወዲያው ወደ ጨዋታ ዞረ። ብርጭቆ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመር። ብርክቲ የምትባለው ጎረቤት፣ «በራኺ፣ ይኼ ነገር ከማሽን ወደ ሰው አይጋባም? ልጄ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር አይቷል አሉ» ስትል ጠየቀችው።

«አይጋባም» አለ በራኺ። ሰው ሁሉ እያየው ነበር፤ አመሉም ያዘውና ቀጠለ። «እሱ የሚኖረው ዲስኬት ላይ ነው። ዲስኬት ማለት የማሽኑ ከረጢት በይው። ከረጢቱ ከሰው ሰው ሲዞር…»

ሲናገር ዓይኑ ወደ ተንዳው ጥግ ሄደ። ኣቦይ ኣስመሮም ከሌላው ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው መካከል ደብቀው ተቀምጠዋል። ብርጭቆው እሳቸው ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«በእኔ እጅ አይለፍ» አሉ ለሚያቀብላቸው ሰው። «ሕጻናትም አሉ። ማን ያውቃል።»

«ኧረ ኣቦይ ኣስመሮም፣ አይጋባም እያለ ነው እኮ!»

«እሱ ደግ ስለሆነ ነው። ግዴለም፣ ነገ ለባለቤቱ ነግሬ እሰናበታለሁ። በዚህ እጅ ስንቱን ፊደል ለቅሜበታለሁ፤ የሰው ስም አጥፍቼ አላውቅም ነበር።»

በራኺ ንግግሩን አቋረጠ። ብርክቲ «እሺ፣ ከረጢቱ ሲዞርስ?» አለችው። ሽማግሌው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያዩ ነበር። የጥፍራቸው ሥር ቀለም እስከ ዛሬ በሳሙና ለቆ አያውቅም። ያንን ቀለም በሽታ ነው ያላቸው እሱ ነው፤ ያውም ማሽኑ እንዳይቆሽሽበት ብሎ። አሁን ደግሞ ሥራቸውን ሊያሳጣቸው ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ነገ ማሽኑን ከፍቶ ጽሑፉን ያጠፋዋል፤ አለቀ።

ተነስቶ ወደ ጥጉ ሄደ። ብርጭቆውን ከሰውየው ተቀብሎ ለሽማግሌው ዘረጋላቸው።

«ይቀበሉኝ ኣቦይ ኣስመሮም። እጅዎ ምንም የለበትም።»

«ተው በራኺ ወደይ…»

«ማሽኑ አልታመመም። ቫይረስ የሚባል ነገር አልገባውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ድምፁ ከፍ ብሎ አልነበረም፤ ግን ተንዳው ውስጥ ተሰማ። ሕምባሻ የሚቆርሰው ሰው እጅ ቢላው ላይ ቀረ። አልማዝ እናቷ አጠገብ እንደተቀመጠች ፊቷ ጠቆረ፤ ያም ሆኖ ቶሎ ብላ መውጫ ሰጠችው።

«ለልምምድ ነዋ። ፊደል ስትሞክር ነው።»

«በልምምድ ጀመርኩት» አለ በራኺ። «ግን ልምምድ አልነበረም። እራት ላይ ተስቆብኝ ተናድጄ ነው። ኣቦይ ኣስመሮም እውነት መስሏቸው ነው የደከሙት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኣቦይ ኣስመሮም ብርጭቆውን ይዘው አፈጠጡበት። ወይዘሮ ኣረጋሽ የታሰረ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያሹ ነበር። በኋላ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«መቼስ ሰው ሲናደድ ብዙ ይላል» አሉ። «እኔም ብዙ እላለሁ። አንድ ቀን በንዴት ጻፍከው፣ ከዚያ ረሳኸው። አይደለም?»

እየማሩት ነበር። ሰዉም በዓይኑ እሺ በል እያለው ነው። ብርክቲ ራሷን ወደ ታች እየነቀነቀች ትረዳዋለች። አንዲት እወ፣ አንዲት አዎ ብትወጣው ሻሂው ይቀጥላል፣ ነገም ይሳቅበታል፣ ከነገ ወዲያ ይረሳል። በራኺ ይህን ሁሉ አየ፤ የአማቱንም ጉልበት አየ።

«ኣይፋልን» አለ። «አልረሳሁትም። ዛሬም ለምሳ ስወጣ ከፍቼ አንብቤዋለሁ።»

አልማዝ ዓይኗን ጨፈነች። ወይዘሮ ኣረጋሽ ፌዝ በሌለበት ድምፅ ጠየቁት።

«ስታነበው ደስ አለህ?»

«እወ» አለ በራኺ። «ደስ አለኝ።»